ዱባና ቅል በአንድ ደብዳቤ፦ ስለ ኮሌጅ «ዕርዳታ» ተረቱና እውነታው

ማርች ሲገባደድ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በብዙ ሐበሻ ቤት አንድ ዓይነት ምሽት ይመጣል። ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ ሳሎን ብቅ ይላል፤ «ኢንጂነሪንግ ተቀበሉኝ፤ ፋይናንሻል ኤይድም ሰጡኝ» ይላል። እናት እልልታዋን ታቀልጠዋለች። አባት «ስንት ረዱህ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ የደብዳቤውን የመጨረሻ መስመር ያነባል፦ «76 ሺህ ዶላር።»

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ፣ ትርጉሙ ላይ ነው። በአማርኛ ዕርዳታና ብድር ተምታተው አያውቁም። የረዳ ሰው መልሱልኝ አይልም፤ ያበደረ ግን ቀኑን ቆጥሮ ይመጣል። በአሜሪካ ኮሌጆች አነጋገር ሁለቱም «ኤይድ» ይባላሉ። ብዙ ወላጆች ውሳኔያቸውን የሚያቆሙት በዚህች አንዲት ቃል ላይ ስለሆነ፣ በየቤቱ የሚነገሩትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ልጄ ኤይድ አገኘ» ማለት ገንዘብ ተሰጠው ማለት ነው

እውነታው፦ ደብዳቤው ውስጥ አራት የተለያዩ ነገሮች ተደምረው ሊሆን ይችላል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው።

ለምሳሌ ያህል የግል ኮሌጁ ጠቅላላ የዓመት ወጪ፣ ማደሪያና ምግብ ጨምሮ፣ 90 ሺህ ዶላር ነው እንበል። ደብዳቤው ኮሌጁ የሰጠውን 48 ሺህ ስኮላርሺፕ፣ 5,500 የፌዴራል የተማሪ ብድር፣ 2,500 ወርክ ስተዲ እና 20 ሺህ ፓረንት ፕላስ ይዘረዝራል። ሲደመር 76 ሺህ ይሆናል፤ «የሚቀራችሁ 14 ሺህ ብቻ ነው» የሚል ይመስላል።

ከዚህ ውስጥ ስጦታው 48 ሺህ ብቻ ነው። ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ በየጊዜው የሚከፈለው ደመወዝ ነው፤ ካልሠራ አያገኘውም፤ ሴሚስተሩ ሲጀመር የሚመጣውንም ቢል አይቀንስም። የተማሪው ብድር በልጁ ስም የተጻፈ ዕዳ ነው። ፓረንት ፕላስ ደግሞ በእናት ወይም በአባት ስም የሚወሰድ ብድር ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ እውነተኛ የዓመት ወጪ 14 ሺህ ሳይሆን 42 ሺህ ነው። በአራት ዓመት፣ ዋጋው ባይጨምር እንኳ፣ 168 ሺህ ይደርሳል።

ይህ የአንድ ኮሌጅ ወይም እንግሊዝኛው ያልዘለቀው ወላጅ ችግር ብቻ አይደለም። ለአሜሪካ ኮንግረስ ሒሳብ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት፣ ጂኤኦ፣ በ2022 ባወጣው ሪፖርት 91 በመቶ የሚሆኑት ኮሌጆች ተጣርቶ የሚከፈለውን ዋጋ በደብዳቤያቸው አሳንሰው እንደሚያሳዩ ወይም ጨርሶ እንደማይጽፉት አስታውቋል።

ተረት 2፦ 90 ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ኮሌጅ ለሀብታም ልጅ ነው፤ ማመልከትም አያስፈልግም

እውነታው፦ የተለጠፈው ዋጋና የምትከፍሉት ዋጋ ሁለት ናቸው። አንዳንድ እጅግ ውድ የሚመስሉ ትምህርት ቤቶች ገቢው መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ ከስቴት ዩኒቨርሲቲ ይረክሳሉ። ኤምአይቲ ከ2025 መጸው ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው ከ200 ሺህ ዶላር በታች የሆኑ፣ ንብረታቸውም ከገቢያቸው ጋር የተመጣጠነ ቤተሰቦችን ልጆች የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ከ100 ሺህ በታች ከሆነ ማደሪያውንና ምግቡንም ይሸፍናል።

ችግሩ እንዲህ ዓይነት አቅም ያላቸው ጥቂቶች መሆናቸው ነው። ሌሎች ብዙ የግል ኮሌጆች ዋጋቸው ከኤምአይቲ ጋር ቢቀራረብም የቤተሰቡን ክፍተት ሙሉ በሙሉ አይሞሉም። ለይቶ ማወቂያው ቀላል ነው። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስሊያ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል። የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ሞክሩት።

ተረት 3፦ ኢንጂነር ከሆነ ብድሩ ራሱን ይከፍላል

እውነታው፦ የኢንጂነር ደመወዝ ጥሩ ነው፤ በአሜሪካ የሲቪል ኢንጂነሮች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ይህ ቁጥር ግን ሃያ ዓመት የሠራውንም ይጨምራል፤ የጀማሪው ከዚያ ያንሳል። ከሁሉ በላይ ግን መጠየቅ ያለበት ዕዳው በማን ስም ነው የሚለው ነው።

ተማሪው በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ጣሪያ አለው፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ዓመት 5,500፣ 6,500፣ 7,500 እና 7,500፤ በድምሩ 27 ሺህ። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ወለድ (6.39 በመቶ) በአሥር ዓመት ቢከፈል በወር 305 ዶላር ገደማ ነው። ይህን አንድ ጀማሪ ኢንጂነር ይችለዋል።

ቤት የሚያናጋው ከዚያ በላይ ያለው ነው። የፓረንት ፕላስ ወለድ በዚያው ዘመን 8.94 በመቶ ነው፤ በተጨማሪም ከእያንዳንዱ ብድር 4.228 በመቶ አስቀድሞ ይቆረጣል። 20 ሺህ ስትበደሩ ለኮሌጁ የሚደርሰው 19,154 ያህል ነው፤ ዕዳችሁ ግን 20 ሺህ። ይህ ብድር ወደ ልጁ ስም አይዛወርም። «ስመረቅ እኔ እከፍላለሁ» የልጅ ቃል እንጂ ውል አይደለም። ልጁ ሥራ ቢያጣ ወይም ትምህርቱን ቢቀይር የሚጠየቀው ወላጅ ነው።

ሕጉም ተቀይሯል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደሩ ወላጆች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ ፓረንት ፕላስ አያገኙም። በየዓመቱ 20 ሺህ የወሰደ ቤተሰብ አራተኛው ዓመት ላይ የሚቀረው 5 ሺህ ብቻ ነው። ልጁ ሊመረቅ ሲል ቀዳዳው ይከፈታል፤ የሚደፍነውም ብዙ ጊዜ ወላጅ ዋስ ሆኖ አብሮ የሚፈርምበት (ኮሳይን የሚያደርግበት) የባንክ ብድር ነው። ኢንጂነሪንግ ደግሞ ተማሪው ካልኩለስ ወይም ፊዚክስ ላይ አንዴ ከተደናቀፈ በቀላሉ አምስት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው።

ተረት 4፦ ስሙ የታወቀ ካልሆነ ሥራ አያገኝም

እውነታው፦ በኢንጂነሪንግ መጀመሪያ የሚታየው ስም ኤቤት ነው፤ ፕሮግራሞችን መርምሮ ዕውቅና የሚሰጠው ድርጅት። ወደፊት የፕሮፌሽናል ኢንጂነር ፈቃድ ለሚፈልግ ሰው የተለመደው መንገድ ኤቤት ካጸደቀው ፕሮግራም መመረቅ፣ ፈተና ማለፍ፣ አራት ዓመት መሥራት፣ ሌላ ፈተና ማለፍ ነው። በዚህ መንገድ የስቴቱም የውዱም ኮሌጅ ምሩቅ እኩል ናቸው።

ስለ ደመወዝ ደግሞ ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ታዋቂ ጥናት አላቸው። ተመሳሳይ ውጤት ይዘው ተመሳሳይ ኮሌጆች ያመለከቱ ተማሪዎች፣ አንዱ ስመ ጥር ኮሌጅ ሌላው ከዚያ ዝቅ ያለ ቢገቡም፣ በኋላ የሚያገኙት ገቢ በአብዛኛው ልዩነት የለውም። የጥናቱን ሌላ ክፍል ግን መደበቅ አይገባንም፤ ለጥቁር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች ስመ ጥሩ ኮሌጅ ጥቅም አስገኝቷል። ለእነዚህ ልጆች ትውውቁ ራሱ ሀብት ስለሆነ ይመስላል።

ስለዚህ ስም ከንቱ ነው አንልም፤ ዋጋውን እንወቅ ነው። የግሉ ኮሌጅ 42 ሺህ፣ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ 26 ሺህ ቢሆን ልዩነቱ በአራት ዓመት 64 ሺህ ነው። ይህን በፓረንት ፕላስ ብትሸፍኑት፣ ትምህርት ላይ እያለ የሚጠራቀመውን ወለድ ሳንቆጥር፣ ለአሥር ዓመት በወር ወደ 810 ዶላር፣ በድምሩ ወደ 97 ሺህ ዶላር ይሆናል። ስሙ ይህን ያህል ያወጣል ወይ?

እንደ ኖቫ ወይም ሞንትጎመሪ ባለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም አለ። ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። የሚያስፈልገው የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት ማረጋገጥ ነው።

ተረት 5፦ ቤት ስላለን፣ ወይም ወረቀታችን ስላላለቀ፣ ፋፍሳ ለእኛ አይሆንም

እውነታው፦ ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል ዕርዳታ ማመልከቻው ፎርም፣ የምትኖሩበትን ቤትም ሆነ የጡረታ ቁጠባችሁን እንደ ሀብት አይቆጥርም። ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ግን ስለ ቤቱ ይጠይቃል። ፋፍሳ በተፈረመበት ቀን ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ ስለሚቆጠር፣ እቁብ የወጣላችሁ ሰሞን ከሆነ የሚታየው ሀብታችሁ ከፍ ይላል። በልጁ ስም የተቀመጠ ገንዘብ ደግሞ 20 በመቶው ለትምህርት ይውላል ተብሎ ሲሰላ፣ በወላጅ ስም ያለው ግን ቢበዛ 5.64 በመቶው ነው።

በዲቪም ሆነ በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ ያገኘ፣ እንዲሁም አሳይለም የተፈቀደለት ልጅ የፌዴራል ዕርዳታ ማግኘት ይችላል። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ የአሳይለም አመልካች ግን አይችልም፤ ለእሱ የሚቀረው የስቴቱና የኮሌጁ የራሱ ገንዘብ ነው። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ወላጆቹ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም ማመልከት ይችላል።

ተረት 6፦ የመጣው ደብዳቤ አይለወጥም

እውነታው፦ የዕርዳታ ቢሮው የቤተሰቡን ሁኔታ አይቶ ስሌቱን እንዲያስተካክል ሕግ ይፈቅድለታል። ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከጠፋ ወይም ከባድ የሕክምና ወጪ ከመጣ፣ በማስረጃ አስደግፋችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። አገር ቤት የምትልኩትን ፋፍሳ አይጠይቅም፤ ለግል ኮሌጅ ግን በምትጽፉት ደብዳቤ ብትገልጹት ነውር የለውም።

አብራችሁም ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ስኮላርሺፑ እንዲቀጥል የሚፈለገው ውጤት ስንት ነው? ልጁ ከውጭ ሌላ ስኮላርሺፕ ቢያገኝ የኮሌጁን ትቀንሳላችሁ? ይህን ቅነሳ በመንግሥት ኮሌጆች ላይ በ2017 መጀመሪያ የከለከለችው ስቴት ሜሪላንድ ናት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ብዙ ኮሌጆች መልስ የሚጠብቁበት ሜይ 1 ሳይደርስ አንድ ምሽት ለሒሳብ ስጡት። የየኮሌጁን ጠቅላላ ወጪ ጻፉ፤ ከእሱ ላይ ስጦታውን ብቻ ቀንሱ፤ የቀረውን በአራት አባዙ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሺህ ጎን የሚከፍለውን ሰው ስም አስፍሩ፦ የልጁ፣ የእናት፣ የአባት። አባት «ስንት ረዱህ?» ያለው ጥያቄ ጥሩ ነበር። ልጁ በትክክል ቢተረጉምለት ኖሮ መልሱ «48 ሺህ፤ የቀረውን የምንከፍለው እኛው ነን» ይሆን ነበር።