ስለ ቁርጥማትና ስለሚቀባ መድኃኒት

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ቁልቁለት ሲወርድ ዳገት ሲወጣ የኖረ ሽማግሌ ጉልበቱን ቁርጥማት ቢይዘው አያስደንቅም። ብዙ ሰውም ቅባት ገዝቶ ይታሻል፤ ቅባቱ የሚሠራውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሜንቶል ያለበት ቅባት ቆዳን በማቀዝቀዝ ሕመሙን ለጊዜው ያስረሳል። ዲክሎፌናክ የተባለው ግን በቆዳ ሰርጎ እብጠትና ሕመም የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ ወደ ደም የሚገባውም ከሚዋጠው ክኒን እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ጨጓራን ብዙ አይጎዳም። በርበሬን ከሚያቃጥለው ከካፕሳይሲን የሚሠራም አለ። ዴቪድ ጁሊየስ የተባሉ ሊቅ ካፕሳይሲን በነርቭ ላይ የሚነካውን ሙቀት ተቀባይ በማግኘታቸው በ2014 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ይህ ቅባት በየቀኑ ሲቀባ ነርቩ ሕመም ማስተላለፉን ይቀንሳል። ሆኖም መጠኑ የተለካ ነውና ሚጥሚጣ በቤት በጥብጦ መቀባት አይገባም፤ ቆዳን ያቆስላል። ማናቸውም ቢሆን በቁስል ላይ አይቀባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ቢይዘውና ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን ቢዘዋወር፣ ቅባት እየቀቡ መጠበቅ አደጋ ነው። የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላልና። ይህ በሽታ መገጣጠሚያውን ይለቅና የልብን ቫልቮች ያበላሻል። በጊዜው ከታወቀ ግን ሐኪሙ በፔኒሲሊን መርፌ እንዳይመለስ ይከላከለዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የሽማግሌውን ጉልበት ቀቡ፤ ልጁን ግን ወደ ሐኪም ውሰዱ።