ብዙ ክሮች ያሉትን ፕሮግራም ለመመርመር ከከርነሉ የሚጠበቀው

ከምንማራቸው የኮምፒዩተር ትምህርቶች ሁሉ ተማሪውን አብዝቶ የሚያስጨንቀው፣ በራሱ ሲሠራ የሚሳሳት፣ ሲመረመር ግን ጤነኛ መስሎ የሚታይ ፕሮግራም ነው። በዚህም ጊዜ ጥፋቱን በተማሪው ችሎታ ላይ ብቻ መጣል ልማድ ሆኗል። እኛ በበኩላችን የምርመራው መሣሪያና ከሥሩ ያለው ከርነል ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ነገሩን በምሳሌ እንየው። በጣና ዳርቻ ባለችው በደልጊ እህል የሚረከብ አንድ መጋዘን አለ እንበል። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ መዝገብ ይሠራሉ። መዝገቡ 100 ኩንታል ይላል። አንደኛው 100ን አይቶ የተረከበውን 5 ኩንታል ሲደምር፣ ሁለተኛውም ያንኑ 100 አይቶ የራሱን 3 ኩንታል ይደምራል። አንደኛው 105 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ያንን ሰርዞ 103 ይላል። 108 መሆን ሲገባው 5 ኩንታል የገበሬ እህል ከመዝገብ ጠፋ። ሌባ የለም፤ እያንዳንዱም ጸሐፊ ለብቻው ቢታይ አልተሳሳተም። ተቆጣጣሪ መጥቶ በአጠገባቸው ቢቆም ግን ተጠንቅቀው በየተራ ይጽፋሉና ጉድለቱ አይገኝም።

እነዚህ ጸሐፊዎች በኮምፒዩተር ውስጥ ክሮች (ትሬዶች) ይባላሉ፤ መዝገቡም የጋራ ሜሞሪ ነው። ሲመለከቱት የሚሰወረውን ስሕተት ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ «ሃይዘንበግ» ብሎታል። ተቆጣጣሪው ደግሞ ዲበገር የተባለው ፕሮግራም ነው። ዲበገር ወደ ሌላው ፕሮግራም ቤት በገዛ ሥልጣኑ ሊገባ አይችልም፤ በሩን የሚከፍትለት ከርነሉ ነው። እንግዲህ በሩ በደንብ ካልተሠራ ምርመራውም የተጣመመ ይሆናል።

ከበሮቹ ሁሉ የታወቀው ፒትሬስ ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው በ6ኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ይገኛል። በዚያን ጊዜ አንድ ፕሮሰስ አንድ ክር ብቻ ነበረው። ስለዚህ ፒትሬስ አዲስ ነገር ሳይፈጥር በነበረው ተጠቀመ፤ ይኸውም ተመርማሪው በሲግናል ይቆማል፣ ወላጁ የሆነው ዲበገር መቆሙን ይጠብቃል፣ ሜሞሪውም በአንድ ጥሪ አንድ ቃል ብቻ ይነበባል። ለአንድ ክር ይህ በቂ ነበር።

ክሮች ሲበዙ ግን ችግሩ ገሃድ ወጣ። በሊኑክስ ፒትሬስ የሚይዘው እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ነው። 40 ክሮች ያሉትን ፕሮግራም ለመያዝ 40 ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዱ ሲያዝ ገና ያልተያዘው አዲስ ክር ሊወልድ ይችላል። ስለዚህ ጂዲቢ የተባለው ዲበገር አዲስ እስካያጣ ድረስ የክሮቹን ዝርዝር ደጋግሞ ያነባል። ሁለተኛም የቀድሞው አያያዝ ክሩን የሚያቆመው ሲግስቶፕ የሚባለውን ሲግናል በመላክ ነው። ይህንኑ ሲግናል ሌላ ፕሮግራምም ሊልከው ስለሚችል፣ ዲበገሩ የራሱን ትእዛዝ ከሌላው ትእዛዝ ለመለየት ይቸገራል።

መፍትሔ የፈለጉ ሰዎች አልጠፉም። ቶም ኪሊያን እ.ኤ.አ. በ1984 ፕሮሰስን እንደ ፋይል አድርጎ ማንበብና መጻፍ እንደሚቻል አሳየ። ሮጀር ፎክነርና ሮን ጎምዝ ይህንን ሐሳብ በሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ አስፋፉት፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሶላሪስ 2.6 ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ማውጫ ሰጠው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማክ የተባለው ከርነል ደግሞ ፕሮሰሱንና ክሩን ከመሠረቱ ለይቶ፣ የስሕተትን ወሬ በሲግናል ሳይሆን በመልእክት ለዲበገሩ እንዲደርስ አደረገ። ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ3.4 እትሙ፣ ክሩን ሳያቆሙ መያዝና ያለ ሲግስቶፕ ማቆም እንዲቻል አዲስ ትእዛዞችን ጨመረ።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ ከርነሉ ስለ እያንዳንዱ ክር ለብቻው መልስ መስጠት፣ ሁሉንም በአንድነት ማቆምም መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ የምርመራ ትእዛዝ ከፕሮግራሙ የራሱ ወሬ ጋር መደባለቅ የለበትም። ሦስተኛ፣ መመልከት ብቻውን የሥራውን ቅደም ተከተል በተቻለ መጠን እንዳይለውጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ክርን ማቆም ራሱ ጊዜን መለወጥ ነውና። ስለዚህ በሞዚላ የተጀመረው አርአር የተባለው መሣሪያ ሌላ መንገድ ይዟል። ክሮቹን በየተራ እያሠራ የሆነውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ስሕተቱ አንድ ጊዜ ከተያዘ ያንኑ ሩጫ እንደ ነበረ ደጋግሞ ያሳያል። ዋጋው ፍጥነት መቀነሱና ክሮች በእውነት አብረው ሲሮጡ ብቻ የሚመጣ ስሕተት ሊያመልጠው መቻሉ ነው።

ወገኖቻችን የባንክ ሒሳባቸውንና የሆስፒታል መዝገባቸውን ለፕሮግራም አደራ እየሰጡ ነው። የጠፋው ገንዘብ የት እንደ ገባ ሲጠየቅ «ስናየው ደኅና ነበር» ማለት መልስ አይሆንም። የሊኑክስ ከርነል ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ፣ ተማሪዎች በየቡድናችን ሆነን የፒትሬስን ክፍል ብናነብ፣ መሣሪያውን ከመጠቀም አልፈን መሣሪያው የት ላይ እንደሚያሳስተን ለማወቅ እንበቃለን።