የጠቆረ ሙዝ አይጣል፤ ዳቦ ይሁን!

ሙዝ የምታመርቱ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች! ይህን ጽሑፍ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ማንበብ ገና የጀመራችሁም ብትሆኑ አይክበዳችሁ። ቃሉን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ሂዱ። ያስቸገራችሁ ቃል ካለ ልጆቻችሁን ጠይቁ።

ዛሬ የምንነጋገረው እናንተው በደንብ ስለምታውቁት ጉዳት ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በላንቴ፣ በጫኖና በሼሌ፣ ሙዝ ትልቅ የገንዘብ ምንጭ ነው። ሙዙ ገና አረንጓዴ ሳለ ይቆረጣል። በመኪና ተጭኖ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝና አዲስ አበባ ይገባል። ታዲያ መኪናው ሳይመጣ ቢቀርስ? ሙዙ አይጠብቅም። ቢጫ ይሆናል፤ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ከዚያም ይጠቁራል። ነጋዴው አይቶ «ይኼማ አልፎበታል» ይላል። ዋጋውን ይጥላል፤ ወይም ትቶት ይሄዳል። የወራት ድካም ለከብት ይሰጣል፤ አለዚያም ጉድጓድ ይጣላል።

ግን የጠቆረ ሙዝ ሁሉ የተበላሸ ነው ወይ? አይደለም። ይህ ነው የዛሬው ነገራችን።

ሙዝ ሲጠቁር ውስጡ ምን ይሆናል?

ስለ ሙዝ አተካከል እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። እኔ ተማሪ ነኝ፤ ከትምህርት ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ጥሬ ሙዝ ውስጥ ስታርች የሚባል ነገር አለ። ስታርች በድንችና በዱቄትም ውስጥ አለ። ከ100 ግራም ጥሬ ሙዝ ውስጥ 20 ግራም ያህሉ ስታርች ነው። ጥሬ ሙዝ የማይጣፍጠው ለዚህ ነው። ሙዙ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። በደንብ ሲበስል የሚቀረው ስታርች 1 ወይም 2 ግራም ብቻ ነው። ልጣጩ ነጠብጣብ ሲያወጣ እንግዲህ ሙዙ ከሁሉ ይበልጥ የጣፈጠበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሚበስል ሙዝ በዓይን የማይታይ ጋዝ ያወጣል። ስሙ ኤቲሊን ይባላል። ይህ ጋዝ አጠገቡ ያለውንም ሙዝ ያበስላል። ስለዚህ የበሰለውን ከጥሬው ለዩት። ጥሬው ይቆይላችኋል።

የትኛው ሙዝ ይሆናል? የትኛው አይሆንም?

ልጣጩን ላጡና ውስጡን እዩ። ነጭ፣ ቢጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ፣ ሽታውም ጣፋጭ ከሆነ ለዳቦ ይሆናል። ሻጋታ ካለው፣ ትል ከገባበት፣ ውሃ ከለቀቀ ወይም እንደ ጠላ ከሸተተ አይሆንም። ሻጋታ ያለበትን ለሰው አትስጡ። ሻጋታውን ፍቆ መብላትም አይበጅም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው?

እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር ያላየ ማን አለ? የዶርዜ እናቶችም ቆጮን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይጋግራሉ። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ቅጠሉ ዳቦው እንዳያርና እንዳይደርቅ ይጠብቃል፤ መዓዛም ይሰጣል። የሙዝ ገበሬ ቅጠሉም ፍሬውም ከጓሮው አለ።

የሌላውም አገር ሰው ሙዝን እንዲህ ከመጣል አድኖታል። በአሜሪካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ታላቅ የኑሮ ችግር ነበር። ሰው ምግብ መጣል አልፈለገም። የሙዝ ዳቦ አሠራር በምግብ መጻሕፍት ላይ በብዛት መውጣት የጀመረው በዚያ ዘመን ነው። እንደ ጃማይካ ባሉ ሞቃት አገሮችም ሙዝ ዳቦ ይወደዳል። እነሱ ኮኮናትና ቅመም ይጨምሩበታል። እኛ ደግሞ ኮረሪማ አለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሩብ ሊትር በሚይዝ አንድ ብርጭቆ ስፈሩ። ብርጭቆውን አትለዋውጡ።

የስንዴ ዱቄት 8 ብርጭቆ (1 ኪሎ ያህል)
ተልጦ የተፈጨ የበሰለ ሙዝ 2 ብርጭቆ
ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ 1 ብርጭቆ
የሱቅ ደረቅ እርሾ 1 የሾርባ ማንኪያ
ጨው 2 የሻይ ማንኪያ
ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ
የተፈጨ ኮረሪማ 1 የሻይ ማንኪያ

ማንኪያው ልክ ይሁን፤ አይቆለል። ስኳር አልተጻፈም። ረስተነው አይደለም፤ ሙዙ ውስጥ አለ። በ2 ብርጭቆ የተፈጨ ሙዝ ውስጥ 60 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። ይህ 5 የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ጥቁር አዝሙድ የሚወድ ይጨምር። የበቆሎ ዱቄት መቀላቀል የፈለገ ከ8ቱ ብርጭቆ ከ2 አያስበልጥ። በቆሎ እንደ ስንዴ አይለጠጥም፤ ከበዛ ዳቦው አይነፋም።

አሠራሩ

1ኛ. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሙዙን ልጣችሁ በንጹሕ ሳህን በሹካ ወይም በእጅ እሹት።

2ኛ. እርሾውን በለብታው ውሃ በጥብጡ። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ይሞታል። 10 ደቂቃ ቆይቶ አረፋ ካላወጣ እርሾው ሞቷል፤ ሌላ ፈልጉ። ስትገዙም እሽጉ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ። ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይም ነው።

3ኛ. ዱቄቱን፣ ጨውንና ኮረሪማውን ቀላቅሉ። ሙዙን፣ ዘይቱንና የእርሾውን ውሃ ጨምሩ። ውሃውን ግን አንድ ጊዜ አትድፉት። ሙዝ ራሱ ውሃ አለው። ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጨምሩ።

4ኛ. ሊጡን 10 ደቂቃ ያህል በደንብ እሹ። ለስላሳ ይሁን እንጂ አይፍሰስ። ከድናችሁ አስቀምጡት። በቆላ 1 ሰዓት ከግማሽ ሊበቃው ይችላል። በደጋ ብርድ ስላለ ይቆያል። ሰዓቱን ብቻ አትዩ፤ ሊጡን እዩት። እጥፍ ሲሆን ደርሷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

5ኛ. የሙዝ ቅጠል እጠቡ። የመሐሉን ወፍራም አጥንት አውጡ። ቅጠሉን ለነበልባል ጥቂት አስነክታችሁ አለዝቡት፤ አለዚያ ይቀደዳል። ምጣዱ ላይ አነባብራችሁ አንጥፉ፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይትረፍ። ሊጡን ገልብጡበት። ውፍረቱ ከ2 ጣት አይብለጥ። 20 ደቂቃ ይረፍ፤ ከዚያ በተረፈው ቅጠል ሸፍኑት።

6ኛ. አክንባሎ ክደኑና በዝግታ እሳት ጋግሩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ሙዝ ስኳር ስላለው ከሌላው ዳቦ ቶሎ ይጠቁራል። እሳቱ ከበረታ ውጭው ያርራል፤ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ከ25 ደቂቃ በኋላ ከነቅጠሉ ገልብጡት። ሌላ 20 ደቂቃ ይቆይ። ንጹሕ ስንጥር መሐሉ ላይ ውጉ። ስንጥሩ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ከያዘ ጥቂት ጨምሩለት።

ከወጣ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይብረድ። ትኩሱን በላስቲክ አትሸፍኑ፤ ላብ ይዞ ይሻግታል። ይህ ዳቦ እርጥበት አለው፤ በቆላ ሙቀት በ2 ቀን ውስጥ ብሉት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ስኳር አልገባበትም» ብሎ እንዳይዘናጋ ንገሩት። የሙዙም ስኳር ስኳር ነው።

ሒሳቡን ሥሩ

ዳቦውን ገበያ ለማውጣት ያሰበ መጀመሪያ ደብተር ያውጣ። የዱቄት፣ የእርሾ፣ የዘይት፣ የጨው፣ የኮረሪማና የማገዶ ዋጋ ይጻፍ፤ ይደመር። ሙዙንም በነፃ አትቁጠሩት። ነጋዴው ሊሰጣችሁ የነበረውን ዋጋ ጻፉ። የድካማችሁንም ጨምሩ። ድምሩን ዳቦው በሚቆረስበት ቁጥር አካፍሉት። ዳቦው 12 ቦታ ከተቆረሰ በ12 አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር የአንዱ ቁራሽ ወጪ ነው። ከዚያ በታች የሸጠ ከሰረ። ከዚያ በላይ የሸጠ አተረፈ። ሒሳቡ የማያዋጣ ከሆነ አትሽጡት፤ ልጆቻችሁ ይብሉት። ይህም ትርፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዳቦ የሴት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ሙዙ ሲከስር ግን የሚከስረው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። እንግዲያው አባወራው ማገዶ ይፍለጥ፤ ሊጡንም ይሽ። ክንዱ የበረታ ሰው ሊጥ ቢያሽ ምን ነውር አለው?

ሙዝ ቶሎ ይበስላል፤ የመኪና መምጫ ቀን ግን በገበሬ እጅ አይደለም። ዳቦ ዘለላውን ሁሉ አያድንም። ለጥቂቱ ግን መድረሻ ይሰጠዋል። ነጋዴው «አልፎበታል» ሲል፣ ለልጆቼ ዳቦ ይሆናል የሚል ገበሬ ሙዙን በማይረባ ዋጋ ለመስጠት አይቸኩልም።

ጥያቄዎች

1. ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ምን ይለወጣል?
2. ለዳቦ የማይሆን ሙዝ በምን ይታወቃል?
3. የሙዝ ዳቦ ለምን በዝግታ እሳት ይጋገራል?
4. በእናንተ ገበያ የአንድ ቁራሽ ወጪ ስንት ብር ይሆናል? በደብተራችሁ ላይ ሥሩት።

ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ ይህን ጽሑፍ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።