«ጥፋቱ የራሱ ነው» ማለት አሠሪን ከሂሣብ አያድንም

አንድ የቀን ሠራተኛ ከሦስተኛ ፎቅ የእንጨት ርብራብ ላይ ወድቆ ሲጎዳ በግንባታ ሥፍራው መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ፎርማኑ ሠራተኛው እንዳልተጠነቀቀ ይናገራል። ጓደኞቹ ርብራቡ የታሠረበት ገመድ ያረጀ እንደነበር ያንሾካሹካሉ። አሠሪውም ለሐኪም ቤት ጥቂት ሺህ ብር ሰጥቶ፣ ቤተሰቡንም «አይዟችሁ» ብሎ ነገሩ የተዘጋ ይመስለዋል። ሕጉ ግን ሂሣቡን የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 96 ላይ እንደሚደነግገው፣ አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ድንጋጌው እንግዳ አይደለም፤ በዚሁ አዋጅ በተተካው በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም ውስጥ ነበር። አስተሳሰቡም ለነጋዴ የሚከብድ አይደለም። ከማሽኑና ከርብራቡ ትርፍ የሚያገኘው ባለድርጅቱ እስከሆነ ድረስ፣ እነዚሁ ዕቃዎች የሰው እጅ ወይም እግር ሲወስዱም ወጪው እንደ ሲሚንቶና እንደ ነዳጅ ሁሉ በድርጅቱ ሂሣብ ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው።

ወጪው ምን ያህል ይሆናል? በወር 6,000 ብር የሚከፈለው አንድ ሠራተኛ ተጎድቶ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ውጪ ሆነ እንበል። አሠሪው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከመቶ 75 የማያንስ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ከመቶ 50 የማያንስ ይከፍለዋል። በቅደም ተከተል 18,000፣ 13,500 እና 18,000 ብር መሆኑ ነው፤ ሲደመር 49,500 ብር። ይህ ክፍያ የሕክምናውን ወጪ አይጨምርም። የሐኪም ቤቱ፣ የቀዶ ሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ ካስፈለገም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ ለብቻው የአሠሪው ዕዳ ነው።

ጉዳቱ ዘላቂ ሆኖ ከተገኘ ሂሣቡ ይለወጣል። ሠራተኛው በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ከሆነና ፈጽሞ መሥራት የማይችል ከሆነ የዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። በምሳሌያችን 360,000 ብር ይሆናል። የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን ከመቶ 40 ነው ካለም 144,000 ብር ይደርሰዋል። የመሥራት ችሎታን ባይቀንስም መልክን ክፉኛ የሚያበላሽ ጉዳት እንኳ እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል። ሠራተኛው ከሞተ ደግሞ ካሣው ለሚስቱ ወይም ለባሏ፣ ለልጆቹና በእርሱ ይጦሩ ለነበሩ ወላጆቹ ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለድርጅቶች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት አሠሪው ከመቶ 11፣ ሠራተኛው ከመቶ 7 ያዋጣሉ። መዋጮውን በየወሩ የሚያስገባ አሠሪ «ለዚህማ ጡረታ አለ» ማለት ይቀናዋል። ጡረታው የሚመጣው ግን ለዘላቂው ጉዳት ነው። ከአደጋው ዕለት ጀምሮ ያለው የሕክምና ወጪና የየወሩ ክፍያ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ነው። መዋጮውን ቆርጦ ላላስገባ አሠሪ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል።

እርግጥ ሕጉ አሠሪውን ያለ መከላከያ አልተወውም። ሠራተኛው ሆነ ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት አሠሪውን አይመለከትም። አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ እንዲሁም አካሉን ወይም አእምሮውን ለመቆጣጠር እስከማይችል ሰክሮ ሥራ መግባት በዚሁ ሥር ተጠቅሰዋል። «ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚሉ አሠሪዎች ሁሉ የሚንጠለጠሉት በዚህ ክር ላይ ነው።

ነገር ግን «በግልጽ የተሰጠ መመሪያ» የሚለው ሐረግ የሚጠይቀው አሠሪውን ራሱን ነው። መመሪያው መቼ ተሰጠ? በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮታል? ፈርሟል? የራስ ቁሩና የደኅንነት ቀበቶው በእጁ ደርሶታል ወይስ መጋዘን ተቆልፎበት፣ ባለሥልጣን ሊጎበኝ ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ነው? በብዙ የግንባታ ሥፍራዎችና የብረታ ብረት መሥሪያ ቤቶች መመሪያ የሚባለው ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት «ተጠንቀቁ እንጂ!» ብሎ የሚጮኸው ነው። በዚህ የሚረታ ክርክር የለም። ጠዋት አፉ ጠጅ ጠጅ እየሸተተ የመጣን ሠራተኛ አይቶ ርብራብ ላይ እንዲወጣ የፈቀደ ፎርማንም የአሠሪውን መከላከያ በገዛ እጁ ያሳሳዋል።

አዋጁ በአንቀጽ 92 ከአሠሪው የሚጠይቃቸው ነገሮች በዚህ ዓይን ሲታዩ ትርጉማቸው ይገባል። ሠራተኛው ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያውቅ ማድረግ፣ መከላከያ ልብስና መሣሪያ መስጠትና አጠቃቀሙን ማስተማር፣ የደኅንነት ኃላፊ መመደብና ኮሚቴ ማቋቋም፣ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ የመሳሰሉት ናቸው። ብዙ አሠሪ እነዚህን የመንግሥት ጣጣ አድርጎ ያያቸዋል። መዝገቡና ፊርማው ግን አሠሪው ፍርድ ቤት ሲቆም በእጁ የሚኖረው ብቸኛ ማስረጃ ነው። ከአደጋው በኋላ የሚዘጋጅ የሥልጠና መዝገብ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ይመሰክራል።

ጠበቆች ደንበኞቻቸውን የሚያስጠነቅቁበት ሌላው ነጥብ የዚያው የአንቀጽ 96 የመጨረሻ ክፍል ነው። ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት ከሆነ ሠራተኛው አግባብ ባለው ሕግ ካሣ የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው። ያ ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የአምስት ዓመት ደመወዝ የሚለው ልኬት እዚያ አይሠራም፤ የሚታየው ሰውየው በእርግጥ ያጣው ነው። መከላከያ ክዳኑ ወልቆ የቀረ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን የ25 ዓመት ወጣት ጣቶችን ቢቆርጥ፣ የሚሰላው ወጣቱ ወደፊት ሊያገኝ ይችል የነበረው ገቢ ጭምር ይሆናል።

«ውል የለውም፣ የቀን ሠራተኛ ነው» የሚለው መልስም ብዙ አያራምድም። የሥራ ውል በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀረውም። ዋናው ነገር በማን መሪነት፣ በማን ደመወዝ ይሠራ ነበር የሚለው ነው። ሥራው ለንዑስ ተቋራጭ፣ ከዚያም ለሌላ ሰው እየተላለፈ ሲወርድ ግን መልሱ ይወሳሰባል። ተጎጂው ደመወዙን ከማን እጅ እንደሚቀበል እንጂ የድርጅቱን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል።

አደጋው የግድ በግቢው ውስጥ መድረስም የለበትም። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። በራሱ ሒሳብ ታክሲ ተሳፍሮ የመጣውን ግን ይህ ድንጋጌ አይሸፍነውም። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም እንደ አደጋው ካሣ ያስከፍላል። ሆኖም ለዓመታት ፀረ ተባይ ሲረጭ የኖረ የአበባ እርሻ ሠራተኛ ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑን ማስረዳቱ ከወደቀ ሰው ይልቅ ይከብደዋል። የአካባቢው ወረርሽኝ በሽታም በሥራ ምክንያት የመጣ አይባልም፤ ሥራቸው ያንኑ በሽታ መዋጋት ለሆነ ሠራተኞች ካልሆነ በቀር።

ሸክሙን ለማካፈል ኢንሹራንስ አለ። ኩባንያዎቹ ለሠራተኞች የጉዳት ካሣ ዋስትና የሚሸጡ ሲሆን ዐረቦኑ የሚሰላው ባለድርጅቱ ባስመዘገበው የደመወዝ ድምር ላይ ነው። ዐረቦን ለመቀነስ ሲል ሃምሳ ሠራተኛ ይዞ ሃያ ያስመዘገበ አሠሪ አደጋው በሠላሳዎቹ በአንዱ ላይ ሲደርስ ከኩባንያው ጋር ክርክር ይገጥመዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጥፋቱ ተረጋግጦ የሚመጣውን ካሣ ውሉ ይሸፍን እንደሆነም ከመፈረም በፊት አንብቦ መጠየቅ ያሻል።

ለተጎጂው በኩል ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ፣ አዋጁ የተለየ ጊዜ ካላስቀመጠለት በስተቀር፣ መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አሠሪው «እናስብልሃለን፣ ታገሥ» እያለ የሚያሳልፈው ወር ሁሉ ከዚያ ዓመት ላይ የሚቀነስ ሊሆን ይችላል።