እንቁላል በሚቀቀልበት ሙቀት የሚኖሩት

ቋንጣ ለምን አይበላሽም? ጨውና አየር ውሃውን ስለሚወስዱት ነው። ሥጋው ላይ ያረፈው ባክቴሪያም ዕጣው ያው ነው፤ የውጭው ጨው ሲበዛ ከህዋሱ ውስጥ ውሃ ይወጣበታል። የሙቀት ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። እንቁላል ስንቀቅል ፈሳሹ የሚጠጥረው ተጣጥፈው የነበሩት ፕሮቲኖች ተፈትተው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው። ታዲያ ሁለቱም ባንዴ የመጡበት ፍጡር ምን ይውጠዋል?

ፓይሮኮከስ ፉሪዮሰስን እንውሰድ። ጣሊያን ውስጥ ከቩልካኖ ደሴት ዳርቻ፣ ከትኩስ የባሕር ደለል ተገኝቶ በ1986 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ አርኪያ ነው። በደንብ የሚያድገው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው (አዎ፣ ውሃ የሚፈላበት!)። የውጭው ጨው ሲጨምር ማኖሲልግሊሰሬት የሚባል ስኳር ያለበት ሞለኪውል በውስጡ ያጠራቅማል፤ ውስጡም እንደ ውጭው ስለሚወፍር ውሃው አይሸሽም። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን በዋናነት የሚያበዛው ሌላ ሞለኪውል ነው፤ ከኢኖሲቶልና ከፎስፌት የተሠራ። ለእያንዳንዱ ጭንቀት የተለየ ምላሽ አለው ማለት ነው። ለምህንድስና ሰው ይህ በጣም ያስቀናል።

ጨዉን ራሱን ለምን አያስገባም? የሚያስገቡ አሉ። ብዙዎቹ ጨው ወዳድ አርኪያዎች ፖታሲየም ክሎራይድ ያከማቻሉ። በጉልበት በኩል ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲኖቻቸው በሙሉ ለዚያ ጨው የተሠሩ መሆን አለባቸው። እነ ማኖሲልግሊሰሬት ለመሥራት ጉልበት ይፈጃሉ፣ የህዋሱን ሥራ ግን አይረብሹም። እንዲያውም ከሌላ ፍጡር በመጣ ኢንዛይም ላይ ሲጨመሩ እንኳ ኢንዛይሙ ሙቀት እንዲቋቋም ሲረዱ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። አንድ ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ የሦስት ወር ልፋቴ የሆነ ኢንዛይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሞቆ ቀረ። ሰኞ ስሞክረው ምንም የለም።

ዘዴው ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑን ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፋር፣ ዳሎል ላይ ሙቀት፣ በጨው የጠገበ ውሃና እጅግ ኃይለኛ አሲድ አንድ ላይ ይገኛሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ቡድን እዚያ በጣም ጥቃቅን አርኪያዎችን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን አሲዱና ጨዉ በበረቱባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም ሲል ደመደመ፤ በማይክሮስኮፕ ህዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች እንዳሉም አሳየ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ጨዉን ብቻ ወይም ሙቀቱን ብቻ የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱ ላይ ያ ሁሉ አሲድ ሲጨመር ግን ህዋሱ ፕሮቶን ወደ ውጭ ሲገፋ መዋል አለበት፣ ለዚያም ጉልበቱን ከየት ያመጣዋል?