ያልተከተበ ቡችላ ወደ ድንኳን ጉዞ ይወሰዳልን?

ውሻ ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ባልንጀራ፣ የቤቱ ዘበኛና የመንጋው ጠባቂ መሆኑ የታወቀ ነው። ነጋዴው መጋዘኑን፣ ባላገሩ በረቱን፣ የከተማው ነዋሪም ግቢውን አምኖ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ይህ ታማኝ እንስሳ በቡችላነቱ ዘመን ራሱን እንኳ መጠበቅ የማይችል ደካማ ፍጥረት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሕፃናትን ሕይወት እስከ መንካት ይደርሳል። ይኸውም ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ድንኳን ማደሪያ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ካርቱም ሁለት ከካርቱም መካከለኛ ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በዚያ የሚኖር አንድ አባወራ ለልጆቹ የሁለት ወር ቡችላ አመጣላቸው እንበል። አየሩ በሚቀዘቅዝበት በታኅሣሥና በጥር ወራት ቤተ ሰቡ ድንኳኑን ጭኖ ለሽርሽር ለመውጣት ያስባል። መድረሻው በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በነጭ ዓባይ ላይ የሚገኘው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 ሥራው የተፈጸመው የጀበል አውልያ ግድብ፣ ወይም በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሰበሎቃ ገደል ይሆናል። ልጆቹም «ቡችላችን ካልሄደ እኛም አንሄድም» ይላሉ። አባት ምን ብሎ ይመልስላቸው?

መልሱ «በዚህ ጉዞ ይቅር፤ በሚመጣው ይሄዳል» የሚል መሆን አለበት። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከእናቱ በሚጠባው እንገር አማካይነት በሽታን የሚከላከል ኀይል ይቀበላል። ይህ ኀይል ግን ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል፤ በአንዱ ቡችላ ቶሎ፣ በሌላው ዘግይቶ ያልቃል። ከእናት የተገኘው መከላከያ እስካለ ድረስ ደግሞ ክትባቱን ከሥራ ያግደዋል። የእንስሳት ሐኪሞች አንድ መርፌ ብቻ ወግተው የማያሰናብቱት በዚህ ምክንያት ነው። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምረው፣ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እየደገሙ፣ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ያደርሱታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በአብዛኛው በ12ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ እርሱም ቢሆን ኀይሉ እስኪጸና ድረስ ከተወጋ በኋላ ሦስትና አራት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። እንግዲህ የሁለት ወር ቡችላ የእናቱ ጋሻ እየወደቀበት፣ የሐኪሙም ጋሻ ገና ያልተሰጠው ወታደር ማለት ነው።

በሜዳ የሚጠብቀው ጠላት አንድ ብቻ አይደለም። ፓርቮ የተባለው የአንጀት በሽታ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 በውሾች ላይ ታውቆ በአጭር ጊዜ ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ተዋሲው ከታመመ ውሻ ዐይነ ምድር ጋራ ወጥቶ በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል የድንኳን ስፍራ እንኳ ቀድሞ ታማሚ ውሻ ያለፈበት ከሆነ አደገኛ ነው። ቡችላው ያስታውከዋል፣ ደም ይቀላቅለዋል፣ ሐኪም ካልደረሰለትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው በሽታ ደግሞ በእስትንፋስ ይተላለፋል። በዚህ ላይ መዥገርና ቁንጫ፣ የአይጥ ሽንት የነካው ውሃና የቀትሩ ሐሩር ይጨመራሉ።

ከሁሉም የከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው፤ ከሚሞቱትም ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ሌሊት ከድንኳኑ ጥቂት ራቅ ያለውን ቡችላ ባለቤት የሌለው ውሻ ወይም ቀበሮ ቢነክሰው ቁስሉ በጠጕር ተሸፍኖ ማንም ላያየው ይችላል። ቤተ ሰቡ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያ ቡችላ አብሮት የሚጫወተውን ልጅ ይነክሳል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ የመከላከያውን መርፌ መጀመር ይገባዋል። «ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ ወደ ቤት ብቻ የሚመለስም አይደለም፤ ወደ ዱርም ይሻገራል። በኢትዮጵያ በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ለዚህ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 እና በ2004 ከባላገር ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በጥቂት መቶዎች የሚቈጠሩ በመሆናቸው፣ አንድ ያልተከተበ ውሻ የሚያደርሰው ጥፋት በገንዘብ የሚተመን አይደለም።

በሌላ ወገን «ቡችላ በልጅነቱ ዓለምን ካላየ ፈሪና ተናካሽ ይሆናል» የሚሉ አሉ፤ እነርሱም እውነት አላቸው። ከሦስተኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላው ሰውን፣ ድምፅንና አዲስ ነገርን የሚለምድበት ነው። ነገር ግን ይህን ለማስተማር የግድ ድንኳን አያስፈልግም። በክንድ ታቅፎ ገበያ ቢያይ፣ በመኪና ውስጥ ሆኖ መንገዱን ቢመለከት፣ ውሻቸው ጤነኛና የተከተበ መሆኑ በሚታወቅ ወዳጆች ግቢ ቢጫወት በቂ ትምህርት ያገኛል። ቤተ ሰቡ ሽርሽር በሚወጣባቸው ጥቂት ቀናትም ዘመድ ወይም በካርቱም ገፊር የሚሉት የታመነ ዘበኛ ሊጠብቀው ይችላል።

በውድ የሚደረግ ሽርሽርና በግድ የሚደረግ ስደት ግን አንድ አይደሉም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ነዋሪ ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ከእነርሱም ብዙዎች በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ክትባት እስኪያልቅ የሚጠብቅ የለም። ቡችላውን መውሰድ ግድ ከሆነ በቅርጫት ወይም በሣጥን ይያዝ፤ ከቤት የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ይጠጣ፤ ሌሎች ውሾች በሚመላለሱበት መሬት አይለቀቅ፤ ጥንብ እንዳይነካ ይጠበቅ፤ ሌሊት ከሰው ጋራ በተዘጋ ስፍራ ይደር። የክትባቱም ወረቀት ከባለቤቱ ወረቀቶች ጋራ ይቀመጥ።

ነጋዴ ዕቃውን ሳያሽግና ሰነዱን ሳያሟላ ወደ ሩቅ አገር አይልክም። ቡችላውንም በዚሁ ጥንቃቄ ቢያየው የሁለት ወር ትዕግሥት ብቻ ይጠየቃል። የአስተዳዳሪዎች ድርሻ ደግሞ ከአንድ ግቢ የሰፋ ነው። በአንድ ከተማ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ በየጊዜው ቢከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፊያው እንደሚቋረጥ በብዙ አገር ተፈትኖ ታይቷል። በጦርነት ምክንያት ነዋሪው በተበተነበትና ውሾች ያለ ባለቤት በቀሩበት ከተማ ይህ ሥራ ከውሃና ከመብራት ጥገና ጋራ አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል። ይህ የተሟላ እንደ ሆነ አባት ለልጆቹ የሰጠው ተስፋ ይፈጸማል፤ ቡችላውም በሚመጣው የብርድ ወራት ጐልምሶ የድንኳኑ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ዘበኛው ይሆናል።