የሚያስቀውና የሚያስለቅሰው ያላቻ ጋብቻ

የፍቅር ኮሜዲ ያለ እንቅፋት አይጻፍም። ሁለቱ እንዳይጋቡ የሚያግድ ነገር መኖር አለበት፤ ያ ነገር ደግሞ በመጨረሻ የሚነሣ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውን «ሻሬ ቹአቶር» የተባለ የቤንጋሊ ፊልም እንውሰድ። ወንደላጤዎች በሚኖሩበት ማደሪያ ቤት አንድ ቤተሰብ ከነልጃገረዷ ይገባል። ሱቺትራ ሴንና ኡታም ኩማር በድብቅ ይጻጻፋሉ፤ ቤቱ በወሬ ይታመሳል። እንቅፋቱ የደባል ምላስ ነው፤ ያልፋል።

በእኛ አገር ይህን ጥበብ በመድረክ ካሳዩን አንዱ መንግሥቱ ለማ ናቸው። እንዳጋጣሚ እሳቸውም በሕንድ ኤምባሲያችን ለዓመታት በዲፕሎማትነት ሠርተዋል። በ1950ዎቹ ከጻፏቸው ሁለት ኮሜዲዎች አንዱ «ያላቻ ጋብቻ» ይባላል። የተማረ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ያፈቅራል፤ ቤተ ዘመድ ይንጫጫል፤ ተመልካች ይስቃል።

በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ጉዳዩ ያው ያላቻ ጋብቻ ነው። የማንኩሳው ልጅ በዛብህ የዲማውን ባላባት የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ይወዳል፤ መጨረሻው ግን መቃብር ነው። መጽሐፉ ሳቅ የለውም ማለቴ አይደለም። የፊታውራሪው ፉከራ ብቻውን አንድ ኮሜዲ ይወጣዋል።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? የደራሲዎቹ ጠባይ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል። በመንግሥቱ ተውኔት ከፍ ያለው ወንዱ ነው፤ በሐዲስ ልቦለድ ከፍ ያለችው ሴቷ ናት። ወንዱ ዝቅ ብሎ ቢያገባ ሐሜት ነው። ሴቷ ዝቅ ብላ ብታገባ ግን ነገሩ ወደ መሬት ይሄዳል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በጎጃም ደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በአማራው የርስት ሥርዓት መብት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ የሴት ልጅ ባል እንግዳ ሰው ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ነገ በእናታቸው በኩል ርስት የሚጠይቁ ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ የሚያወሩት ስለ ዘርና ስለ አጥንት ነው፤ የሕግ ሰው ግን ከአጥንቱ በስተጀርባ መሬቱን ያያል። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል የተማረ ሰው ከዚህ ሥርዓት ውጭ ስለሚቆም ከሠራተኛው ጋር ሊያስቀን ይችላል።

በወረቀት ላይ እንቅፋቱ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የጠየቀው የተጋቢዎቹን ፈቃድ እንጂ የትውልድ ሐረጋቸውን አልነበረም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ርስቱን ራሱን አስቀረው። ዛሬ በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። እንግዲህ የዛሬዋ የዲማ ሰብለ ወንጌል ለኮሜዲ የምትመች ትመስላለች።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። በፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ልጅቷ «እሺ» ወይም «እምቢ» ለማለት የደረሰች መሆን አለባት። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ በጎጃም ገጠር ከዚያ በታች የሚዳሩ ልጃገረዶች ግን አሁንም አሉ። የእነሱን ሠርግ ኮሜዲ አድርጎ የጻፈ ደራሲ እስካሁን አልገጠመኝም።